የጀልባ ምርመራ ምን ያህል ያስወጣል? ምንስ ይመረምራል?

ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ የደብረ ታቦርን ዙሪያና የእስቴን ደጋ እያካለሉ ወርደው፣ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ሐይቅ ይገባሉ። የደጋው ነጋዴ ዕቃም ብዙውን ጊዜ የሚከተለው ይህንኑ ቁልቁለት ነው። ከደብረ ታቦር ገበያ የተጫነ ድንችና ገብስ፣ ከወረታ የተነሣ ሩዝና ሽንኩርት በመኪና ባሕር ዳር ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ወደ ደቅ ደሴትና መንገድ በሚገባ ወደማይደርስባቸው የሐይቅ ዳር መንደሮች የሚሻገረው ዕቃ ግን በጀልባ ካልሆነ በቀር የሚሄድበት መንገድ የለውም።

ነጋዴው በመኪና ሲያስጭን የጎማውን መበላት ይመለከታል፤ የሾፌሩን ጠባይ ይጠይቃል፤ ሸራው ቀዳዳ እንዳለው ያያል። በጀልባ ሲያስጭን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም የጭነቱ ዋጋ ስንት እንደ ሆነና ጀልባው መቼ እንደሚነሣ። ምክንያቱም ለመረዳት አያስቸግርም። የመኪናው ጎማ ከዐይን ፊት ሲሆን የጀልባው ሆድ ግን ከውሃ በታች ነው። ስለዚህ በነጋዴው ፈንታ ያንን ስውር ክፍል የሚያይለት መርማሪ ነውና፣ መርማሪው ምን እንዳየና ለማየቱ ምን ያህል እንደ ተከፈለ ማወቅ ከንግዱ ሥራ የተለየ ጉዳይ ሊሆን አይገባውም።

በመጀመሪያ የሐይቁን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ታላቅ ሐይቅ ሲሆን፣ ጥልቀቱ ግን እጅግ ቢበዛ ወደ 15 ሜትር ነው። ሰፊ ሆኖ ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲነሣበት ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ እንዲህ ያለውም ማዕበል ረዥም ከሆነው የባሕር ማዕበል ይልቅ ትንሽ ጀልባን ቶሎ ቶሎ ይመታል። በዚህም ላይ የውሃው ልክ በዓመት ውስጥ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍና ዝቅ ይላል፤ ክረምቱ ሲያበቃ በመስከረም ገደማ ይሞላል፤ በሰኔ መባቻ ገደማ እጅግ ይጐድላል። በ1995 ዓ.ም. በጋ የሐይቁ ውሃ ከልክ በላይ ስለ ጐደለ የመርከብ ጉዞ ለወራት ተቋርጦ እንደ ነበር የሐይቁ ነጋዴዎች አይረሱትም። ውሃው ሲጐድል ቀድሞ ሰጥሞ የነበረው ድንጋይና ደለል ይቀርባል። ደለሉም በከፊል ከዚሁ ከደቡብ ጐንደር ደጋ የታጠበ አፈር ነው፤ በርብና በጉማራ አፍ የሚከማቸው ጭቃ ትናንት የገበሬ ማሳ የነበረ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ በሐይቁ የተዛመተው እንቦጭ ደግሞ በፕሮፔለር ላይ ይጠመጠማል፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን የውሃ መግቢያም ይደፍናል። ስለዚህ ለሌላ ውሃ የሚበቃ ጀልባ ሁሉ ለጣና ይበቃል ማለት አይቻልም።

ሕጉን በሚመለከት፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የባሕር ሕግ በተለይ ዐይኑን የጣለው በባሕር ላይ በሚሄድ መርከብ ላይ ነበር። የአገር ውስጥ ውሃ ትራንስፖርት ጉዳይ በይበልጥ የታሰበበት በ1999 ዓ.ም. በወጣው የማሪታይም ዘርፍ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 549 ነው። ይሁን እንጂ ሕግ ምርመራ እንዲደረግ ያዝዛል እንጂ መዶሻ አንሥቶ ላሜራ አይመታም። በአንድ ዓይነት የምስክር ወረቀት ሥር እጅግ የተለያዩ ምርመራዎች ሊሸፈኑ ይችላሉ።

ጠንቃቃ ምርመራ የሚጀምረው ጀልባውን ከውሃ በማውጣት ነው። በውሃ ላይ እንደ ተንሳፈፈ የታየ ጀልባ ግማሹ ብቻ ታየ ማለት ነው። የብረት ጀልባ ከሆነ መርማሪው ቀለሙን ሳይሆን ላሜራውን ይመረምራል፤ በትንሽ መዶሻ እየመታ ድምፁን ያዳምጣል። ጤናማ ላሜራ ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ፣ ዝገት የበላው ግን የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ውፍረቱን በድምፅ ሞገድ የሚለካ መሣሪያ ካለ ደግሞ ሥራው ይበልጥ የታመነ ይሆናል። የጣና ውሃ ጨው አልባ በመሆኑ ብረትን እንደ ባሕር ውሃ ቶሎ አይበላም። ሆኖም ዝገቱ የሚብሰው ብዙ ጊዜ ከውስጥ በኩል፣ ከወለሉ ሣንቃ ሥር ውሃና ጭቃ በሚተኛበት ቦታ ስለ ሆነ፣ ሣንቃው ሳይነሣ የተደረገ ምርመራ ዋናውን ነገር ዘሎ እንዳለፈ ይቆጠራል። የእንጨት ጀልባ ከሆነ የሣንቃው መጋጠሚያ፣ የፋይበር ግላስ ከሆነ ደግሞ ስንጥቁና የቀድሞ ጥገናው ይታያል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚታየው እሳት ነው። በውሃ ላይ የሚሠራ ሰው የሚፈራው መስጠምን ብቻ ቢሆንም ቤንዚን የጫነ ጀልባ ሁለተኛ ጠላት አለው። የቤንዚን ትነት ከአየር የከበደ ስለ ሆነ ወደ ላይ አይበንም፤ ወርዶ በወለሉ ሥር ይጠራቀማል። ከዚያ በኋላ አንድ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ወይም አንድ የሲጋራ ቁራጭ ይበቃዋል። ስለዚህ መርማሪው የነዳጁን ቱቦ፣ የባትሪውን ማሰሪያና የጀሪካኑን ማስቀመጫ ሊያይ ይገባዋል። ነጋዴውም ቢሆን ስኳሩንና ጨርቁን ከቤንዚን ጀሪካን ጋር ጐን ለጐን ማስጫን የለበትም፤ ዕቃው እሳት ባይደርስበት እንኳ ሽታው ያበላሸዋል። ከዚያም ውሃ መቅጃው ፓምፕ በእርግጥ መሥራቱ፣ መሪው አለመላላቱ፣ የሕይወት አድን ጃኬቶች ቁጥር ከተሳፋሪው ቁጥር ጋር መመጣጠኑ ይታያል። ጃኬቶቹ በሣጥን ተቈልፈው ከተገኙ እንደሌሉ ይቈጠራል።

አሁን ወደ ወጭው እንመለስ ሲባል፣ ሒሳቡን በምሳሌ ማየት ይቀላል። ቁጥሮቹ ለማስረጃ የተወሰዱ ናቸውና እያንዳንዱ ነጋዴ በየጊዜው ባለው ዋጋ ሊለውጣቸው ይችላል። 40 ኩንታል የሚጭን ጀልባ አለ እንበል። የመርማሪው ዋጋ 4,000 ብር፣ ጀልባውን ከውሃ ለማውጣትና መልሶ ለማስገባት 8,000 ብር ይሁን። ጀልባው ሦስት ቀን ሥራ ሲፈታ የሚቀረው ገቢ በቀን 4,000 ብር ቢሆን 12,000 ብር ነው። ጠቅላላው 24,000 ብር ሆነ። ጀልባው በዓመት 200 ቀን ሙሉ ጭነት ይዞ ቢሠራ በቀን 120 ብር፣ ይህም በኩንታል 3 ብር ይደርሳል። ጀልባው ከውሃ ሳይወጣ፣ ሥራም ሳይፈታ በወደቡ ላይ ብቻ ቢታይ ወጭው የመርማሪው 4,000 ብር ብቻ ነው፤ በኩንታል 50 ሳንቲም ይሆናል ማለት ነው። በጠንቃቃውና በለብ ለቡ ምርመራ መካከል ያለው ልዩነት እንግዲህ በኩንታል 2 ብር ከ50 ነው። የኩንታሉ ዕቃ 6,000 ብር የሚያወጣ ቢሆን አንድ ጊዜ የሰጠመ ሙሉ ጭነት 240,000 ብር ያሳጣል፤ ይህም የዐሥር ዓመት ጠንቃቃ ምርመራ ሙሉ ዋጋ ነው። የቀዛፊውና የተሳፋሪው ነፍስ በዚህ ሒሳብ አልገባም።

ከሒሳቡ ሌላም ትምህርት ይገኛል። ከ24,000 ብር ውስጥ ግማሹ የተከፈለው ለመርማሪው አይደለም፤ ለሥራ መፍታት ነው። ባለ ጀልባዎች ስለ መርማሪ ዋጋ ሲያማርሩ ብዙ ጊዜ የሚያጐድላቸው ይህ ነው። ጀልባው ከውሃ ከወጣ በኋላ መርማሪው አንድ ቀን ቢዘገይ የሚጠፋው ገንዘብ ከመርማሪው ዋጋ ጋር እኩል ነው። ስለዚህ ወጭውን ለመቀነስ የሚሻለው ዘዴ ምርመራውን ማሳጠር ሳይሆን ቀጠሮውን ማሳመር ነው። አራት ወይም ዐምስት ባለ ጀልባዎች ተስማምተው በተከታታይ ቀናት በአንድ ቦታ ቢያወጡ፣ የገመዱንና የጉልበት ሠራተኛውን ወጭ ይካፈላሉ፤ መርማሪውም በአንድ ጉዞ ሁሉንም ያያል።

በእንግሊዝ አገር በቦዮች ላይ የሚሠሩ ጠባብ ጀልባዎች እ.ኤ.አ. በ1997 በተቋቋመ የደኅንነት ደንብ መሠረት በየአራት ዓመቱ ይመረመራሉ። የምርመራው ዋጋ በደንብ የተቈረጠ አይደለም፤ ባለ ጀልባውና መርማሪው ተስማምተው ይወስኑታል። ከዚህም የተነሣ ባለ ጀልባው ርካሹን መርማሪ መፈለጉ አይቀርም፤ ርካሹ መርማሪ ደግሞ ከችኩሉ መርማሪ ሁልጊዜ የራቀ አይደለም። ይበልጥ ሊስተዋል የሚገባው ግን ይህ ምርመራ በተለይ የጋዝ፣ የነዳጅ፣ የኤሌክትሪክና የእሳት አደጋን የሚመለከት እንጂ የጀልባው ገላ ለመንሳፈፍ ብቁ መሆኑን የሚያረጋግጥ አለመሆኑ ነው። ለዚህ ሌላ ባለሙያ ይጠራል፤ ያረጀ ጀልባ ኢንሹራንስ የሚገባለት ኩባንያም ብዙ ጊዜ ይህን ለብቻው ይጠይቃል። ወረቀቱን ያየ ሰው ግን ጀልባው በሙሉ የተመረመረ ሊመስለው ይችላል። በጣናም ቢሆን ነጋዴው «የምስክር ወረቀት አለው» ሲባል «የምኑ?» ብሎ መጠየቁ ነውር የለበትም።

ከሁሉም በላይ ግን ማናቸውም መርማሪ ሊያየው የማይችል አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የነገው ጭነት ነው። በሚያዝያ ወር 2006 ዓ.ም. በደቡብ ኮሪያ ሴዎል የተባለችው መርከብ ስትገለበጥ 304 ሰዎች አለቁ። መርከቢቱ ተመርምራ የምስክር ወረቀት የተሰጣት ነበረች፤ ወረቀቱ ግን የጭነቷን ልክ ወስኖ ነበር። በዚያች ቀን የተጫነው ከተፈቀደው እጥፍ በላይ ሲሆን፣ አብዛኛውም በሚገባ አልታሰረም ነበር። በመስከረም ወር 2011 ዓ.ም. ደግሞ በቪክቶሪያ ሐይቅ፣ በታንዛኒያ፣ ኔሬሬ የተባለችው መሻገሪያ መርከብ 101 ሰዎች ልትይዝ ተሠርታ ሳለች እጅግ የበዛ ሰውና ዕቃ ጭና ዑካራ ደሴት ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ተገለበጠች፤ ከ220 በላይ ሰዎችም ሞቱ።

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1876 በመርከቦቻቸው ጐን የጭነት ልክ መስመር እንዲቀባ ያስገደዱት እንዲህ ያለውን ጥፋት ለመከልከል ነው። ለጣና ጀልባም ይኸው ዘዴ ከምርመራው ሁሉ ርካሹ ነው። ጀልባው በምርመራ ቀን የተፈቀደለትን ያህል ጭኖ በውሃ ላይ ሳለ፣ ውሃው በደረሰበት ልክ ነጭ መስመር ይቀባል። ከዚያ በኋላ መስመሩ በውሃ ሲሸፈን ማናቸውም ተሸካሚ ያየዋል፤ ክርክር የለበትም። ሚዛን ሲደረግም ሰውን መርሳት አይገባም። በአማካይ አንድ ሰው 75 ኪሎ ቢመዝን አራት ተሳፋሪ 3 ኩንታል ማለት ነው። ጀልባው 40 ኩንታል ተፈቅዶለት 40 ኩንታል እህል ከጫነ በኋላ «ሰው ዕቃ አይደለም» ተብሎ ስምንት ሰው ቢሳፈርበት 6 ኩንታል ትርፍ ተጫነ።

በደንገል የሚሠራው ታንኳ በዚህ ሁሉ ሥርዓት ውስጥ አይገባም። ደንገል ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ዕድሜው የወራት ነው፤ ባለቤቱም ከውሃ እያወጣ ያደርቀዋል፤ ማሰሪያውን በጁ ይዳስሳል፤ ሲበዛበትም ጥሎ አዲስ ይሠራል። እንዲያው ሲታሰብ በሐይቁ ላይ እጅግ ጠንቃቃው መርማሪ እርሱ ነው፤ ራሱ ይሳፈርበታልና።

ለብቻው የሚጭን አንድ ባለ ሱቅ ባለ ጀልባውን ጀልባህን አውጥተህ አስመርምር ቢለው የሚሰማው ላይኖር ይችላል። ምርመራውን በሚገባ ያስደረገው ባለ ጀልባም 2 ብር ከ50 ስለ ጨመረ ደንበኛው ወደ ጐረቤቱ ከሄደበት፣ በሚመጣው ዓመት እንደ ጐረቤቱ ያደርጋል። ስለዚህ በአንድ መስመር የሚጭኑ ነጋዴዎች ተስማምተው፣ በዓመቱ ከውሃ ወጥቶ የታየና የጭነት መስመር የተቀባ ጀልባን ብቻ ለመጫን ቢወስኑ፣ ልዩነቱንም በኩንታል ለመክፈል ቢፈቅዱ፣ ባለ ጀልባው ጠንቃቃ በመሆኑ አይጐዳም። በውሉም ላይ ምርመራው የተደረገበት ቀን፣ ጀልባው በደረቅ መሬት ላይ መታየቱና የተፈቀደው ኩንታል ሊጻፍ ይገባል። ኢንሹራንስ የሚገባ ነጋዴ ይህን ጽሑፍ ቢይዝ ካሣ በሚጠይቅበት ጊዜ የሚነሣበትን ክርክር ያቃልልለታል።

ለምርመራው የሚመቸው ጊዜ ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሰኔ አጋማሽ ያለው ነው። ውሃው ጐድሎ ዳርቻው ስለሚገለጥ ጀልባን ማውጣት ይቀላል፤ በበጋው በድንጋይና በደለል ላይ የተፋተገው ገላም ቁስሉን ያሳያል። ገበሬው ወደ እርሻ ስለሚገባ ጭነት ይቀንሳልና ሥራ መፍታቱ የሚያስከትለው ኪሣራም ያንሳል። ብየዳ ወይም የሣንቃ ለውጥ የሚያስፈልገው ጀልባ ቢገኝ፣ የክረምቱ ነፋስ ከመበርታቱ በፊት ለመጠገን ጥቂት ሳምንት ይተርፈዋል።