የአክሰስ ፖይንት ፈርምዌር ለሚቀይሩ ሁሉ፦ ማሳሰቢያ

በትምህርት ቤቱ ኮሪደር፣ በጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል፣ በካፌው ጣሪያ ሥር የተሰቀለውን የዋይፋይ አክሰስ ፖይንት ከተገዛ ጀምሮ ማንም አልነካውም። አምራቹ ለጥቂት ዓመታት የደኅንነት ማስተካከያ ሲያወጣለት ቆይቶ ትቶታል። ዕቃው ግን ዛሬም ይሠራል፤ የተማሪው፣ የታካሚውና የደንበኛው መልእክት ሁሉ በእሱ በኩል ያልፋል። እንዲህ የተተዉ ዕቃዎች ምን ያህል አደገኛ እንደሆኑ እ.ኤ.አ. በ2018 በግልጽ ታይቷል። ቪፒኤንፊልተር የተባለው አጥፊ ሶፍትዌር ቢያንስ በ54 አገሮች ውስጥ ቢያንስ 500,000 ራውተሮችንና የመረጃ ማከማቻዎችን ተቆጣጥሮ ነበር። አብዛኞቹ አስቀድሞ የታወቀ ቀዳዳ ያለባቸው ወይም ከፋብሪካ የመጣው ፓስወርድ ያልተቀየረላቸው ነበሩ።

አምራቹ የተወውን ዕቃ ከመጣል የሚያድነው አንዱ መንገድ ኦፕን ሶርስ ፈርምዌር መጫን ነው። በዚህ ረገድ ይበልጥ የታወቀው ኦፕንደብሊውአርቲ ነው። ሊንክሲስ እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ ለገበያ ባቀረበው ደብሊውአርቲ54ጂ ራውተር ውስጥ ሊኑክስ መኖሩ ታወቀ፤ የሊኑክስ ፈቃድ የሆነው ጂፒኤል ስለሚያስገድደውም ኩባንያው በ2003 ኮዱን ለሕዝብ ለቀቀ። ኦፕንደብሊውአርቲ በ2004 የተጀመረው በዚያ ኮድ ላይ ተመሥርቶ ነው። ዛሬ ከብዙ አምራቾች በመጡ በርካታ ሞዴሎች ላይ ይሠራል።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ አስቀድሞ ይታወቅ። አምራቹ የጫነውን አጥፍተው ሌላ በጫኑ ቀን፣ ዕቃውን የመጠበቅ ግዴታ ከአምራቹ ወደ እርስዎ ይዞራል። በዚያ ዋይፋይ የሚጠቀመው ሰው ማን ምን እንደጫነ አያውቅም፤ የሚያምነው እርስዎን ነው። የሚከተሉት ነጥቦች የተጻፉት ለዚሁ አደራ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት

1. ዕቃው የማን እንደሆነ ያረጋግጡ። የቴሌኮም ድርጅት ለደንበኛ የሰጠውን ሞደም ወይም የፋይበር መቀበያ አይንኩ፤ መስመሩም ሊቋረጥ፣ ውልም ሊጣስ ይችላል። የመሥሪያ ቤት ወይም የትምህርት ቤት ንብረት ከሆነ የኃላፊውን ፈቃድ በጽሑፍ ይያዙ።

2. መቀየር የሚያስፈልግ መሆኑን ይጠይቁ። አምራቹ አሁንም ማስተካከያ እያወጣለት ከሆነና ያለው አገልግሎት ከበቃዎት፣ የአምራቹን የመጨረሻ ፈርምዌር ይጫኑና ይተዉት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆን።

3. ዕቃውን ገልብጠው ከሥሩ የተለጠፈውን ወረቀት ያንብቡ። የሞዴሉ ስም ብቻውን አይበቃም፤ ከጎኑ በትንንሽ ፊደል የታተመው የሃርድዌር ቨርዥን ወሳኝ ነው። ለምሳሌ ቲፒሊንክ አርቸር ሲ7 በአንድ ስም የሚሸጥ ቢሆንም ቨርዥን 1፣ 2፣ 4 እና 5 እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ፋይል አላቸው። በቨርዥን 1 ላይ ያለውን የ5 ጊጋኸርዝ ሬዲዮ ኦፕንደብሊውአርቲ አይደግፈውም፤ በቨርዥን 2 ላይ ግን ይሠራል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አይመኑ፤ ዕቃው ላይ ያለውን ወረቀት በስልክዎ ፎቶ ያንሱና ያስቀምጡ።

4. ሜሞሪውን ይመልከቱ። 4 ሜጋባይት ፍላሽና 32 ሜጋባይት ራም ላለው ዕቃ አዲስ ቨርዥን አይመከርም። 8 እና 64 ያለው ይሠራል፤ ነገር ግን ይጠብበታል። አዲስ የሚገዙ ከሆነ ቢያንስ 16 ሜጋባይት ፍላሽና 128 ሜጋባይት ራም ያለውን ይምረጡ። ዋይፋዩ በብሮድኮም ቺፕ የሚሠራ ዕቃ ድጋፉ ውስን ስለሆነ ከመግዛትዎ በፊት ከፕሮጀክቱ የዕቃዎች ዝርዝር ላይ ይፈልጉት።

5. ፋይሉን ከፕሮጀክቱ ዋና ድረ ገጽ ብቻ ያውርዱ። በቴሌግራም ቻናል የተለቀቀ ወይም ከሰው ፍላሽ ዲስክ የተቀዳ ፈርምዌር፣ የጓደኛዎም ቢሆን፣ ሕዝብ በሚጠቀምበት ዕቃ ላይ አይጫኑ። ካወረዱ በኋላ የሻ256 ቁጥሩን አስልተው ድረ ገጹ ላይ ከተጻፈው ጋር ያስተያዩ። አንድ ፊደል እንኳ ከተለየ ፋይሉን አጥፍተው እንደገና ያውርዱ። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ ፋይል ሳይሞላ መውረዱ የተለመደ ነው።

6. መመለሻውን አስቀድመው ይወቁ። የአምራቹን ዋና ፈርምዌር፣ ዕቃው ቢበላሽ ማስነሻ የሚሆነውን የቲኤፍቲፒ መመሪያና የኢንተርኔት አቅራቢው የሰጠዎትን የመግቢያ ስምና ፓስወርድ ላፕቶፕዎ ላይ ያስቀምጡ። ዕቃው ከተበላሸ በኋላ መመሪያ የሚፈልጉበት ኢንተርኔት ላይኖርዎት ይችላል።

በሚጭኑበት ሰዓት

7. በገመድ ይጫኑ። ላፕቶፑን ከዕቃው ጋር በኔትዎርክ ኬብል ያገናኙ፤ በዋይፋይ በኩል ፈርምዌር አይላኩ። በመሐል ቢቋረጥ ዕቃው ከነጭራሹ ላይነሳ ይችላል።

8. መብራት እንዳይጠፋ ይጠንቀቁ። ፍላሹ እየተጻፈ ባለበት ቅጽበት የሚጠፋ መብራት ዕቃውን ሊገድለው ይችላል። አክሰስ ፖይንቱንም ሆነ ላፕቶፑን በዩፒኤስ ያንቀሳቅሱ። ዩፒኤስ ከሌለ በሠፈርዎ መብራት የሚዋዥቅበትን ሰዓትና ነጎድጓዳማውን የክረምት ከሰዓት ያስወግዱ።

9. ሁለቱን ፋይሎች አያምታቱ። ከአምራቹ ፈርምዌር ወደ ኦፕንደብሊውአርቲ ለመሻገር በአብዛኛው የሚያስፈልገው ስሙ ላይ «ፋክተሪ» የሚለው ፋይል ነው። «ሲስአፕግሬድ» የሚለው ኦፕንደብሊውአርቲ አስቀድሞ ለተጫነበት ዕቃ ነው። አንዳንድ ዕቃ ከዚህ የተለየ መንገድ ስለሚጠይቅ የራሱን ገጽ ሳያነቡ አይጀምሩ።

10. ይታገሡ። መብራቶቹ ብልጭ ድርግም ሲሉ፣ ገጹ መልስ ሲያጣ፣ ብዙ ሰው ሶኬቱን ይነቅላል። ብዙ ዕቃ የሚሞተው በዚህች ደቂቃ ነው። አሥር ደቂቃ ያህል ሳይነኩት ይጠብቁ፤ ከዚያ ላፕቶፑ ላይ 192.168.1.1 ብለው ይሞክሩ።

11. የካሊብሬሽን ክፍሉን ፈጽሞ አይንኩ። በፍላሹ ውስጥ «አርት» ወይም «ፋክተሪ» ተብሎ የሚጠራ ትንሽ ክፍል አለ፤ በቁጥር 9 ከተጠቀሰው ፋይል የተለየ ነው። የዚያ አንድ ዕቃ ሬዲዮ ፋብሪካ ውስጥ የተለካበት መረጃ ያለው እዚያ ነው፤ ብዙ ጊዜ ማክ አድራሻውም አብሮ ይቀመጣል። ይህ ከጠፋ በየትኛውም ዳውንሎድ አይተካም። የሌላ ዕቃ ቅጂ ቢጭኑበት ደግሞ ሬዲዮው ያለልኩ ይሠራል፤ ሁለት ዕቃዎችም አንድ አድራሻ ይይዛሉ። ኦፕንደብሊውአርቲ እንደተነሳ የዚህን ክፍል ቅጂ አውጥተው ያስቀምጡ።

እንደተነሳ ወዲያውኑ

12. የኢንተርኔቱን ገመድ ከመሰካትዎ በፊት ፓስወርድ ያስገቡ። ኦፕንደብሊውአርቲ ሲነሳ የዋናው አስተዳዳሪ ፓስወርድ ባዶ ነው፤ ዋይፋዩም በአብዛኛው ዕቃ ላይ እስኪያበሩት ድረስ ጠፍቶ ይቆያል። ይህ ሥርዓት የተሠራው እርስዎ አስቀድመው እንዲቆልፉት ነው።

13. ዋይፋዩን በደብሊውፒኤ3 ይቆልፉ፤ የቆዩ ስልኮች ካሉ ደብሊውፒኤ2ና 3ን አብሮ የሚያስተናግደውን ይምረጡ። ደብሊውኢፒን ለማንም ብለው አይክፈቱ።

14. እንደ አክሰስ ፖይንት ብቻ የሚሠራ ከሆነ አድራሻ ማደሉን ያጥፉበት። ኦፕንደብሊውአርቲ እንደ ራውተር ሆኖ ስለሚነሳ ዲኤችሲፒው ክፍት ነው። በአንድ ኔትዎርክ ላይ ሁለት ዲኤችሲፒ ካለ ግማሹ ኮምፒውተር ከአንዱ፣ ግማሹ ከሌላው አድራሻ ይወስድና የቢሮው ሁሉ ኢንተርኔት ይበጣጠሳል፤ ምክንያቱም ቶሎ አይገኝም። የዕቃውን አድራሻ ከዋናው ራውተር የተለየ ያድርጉ፣ ዲኤችሲፒውን ያጥፉ፣ ከዋናው ራውተር የሚመጣውንም ገመድ ላን በሚለው ፖርት ይሰኩ።

15. አገርዎን በትክክል ይምረጡ። ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆኑ ኢትዮጵያን፣ ውጭ አገር ከሆኑ የሚኖሩበትን አገር። ኃይል ለመጨመር ብሎ የሌላ አገር መምረጥ ሕገ ወጥነት ነው፤ ጥቅሙም እምብዛም ነው፤ አክሰስ ፖይንቱ ቢጮህ ስልኩ መልሶ ሊጮህለት አይችልምና። ከ5600 እስከ 5650 ሜጋኸርዝ ያለው የሞገድ ክልል በብዙ አገሮች የአየር ሁኔታ ራዳሮች የሚሠሩበት ነው። ዕቃው ራዳር ሲሰማ ከቻናሉ እንዲወጣ የሚያደርገውን ሥርዓት አያጥፉ። በአሜሪካ ቲፒሊንክ የአገር ምርጫን ለተጠቃሚ ክፍት በማድረጉና ዕቃዎቹ ከተፈቀደው በላይ ኃይል እንዲያወጡ በማስቻሉ እ.ኤ.አ. በ2016 ለአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን 200,000 ዶላር ከፍሏል። በዚያው ስምምነት ላይ ለኦፕን ሶርስ ፈርምዌር ድጋፍ ለማድረግ መስማማቱም ሊታወስ ይገባል፤ ነፃነቱና ደንቡ አብረው መሄድ ይችላሉ። በእኛ አገር ሞገድን የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

16. ጎረቤትዎን ያስቡ። በኮንዶሚኒየም ብሎክ ውስጥ አየሩ የጋራ ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ እርስ በርስ የማይደራረቡት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው፤ ከእነዚህ ባዶ የሆነውን መርጠው ስፋቱን በ20 ሜጋኸርዝ ይወስኑ። በ40 የሚሠራ አንድ ዋይፋይ የደረጃውን ነዋሪ ሁሉ ያውካል።

ሕዝብ የሚጠቀምበት ከሆነ

17. የእንግዳውን ኔትዎርክ ከቢሮው ይለዩ። የካርድ ክፍሉ ኮምፒውተርና የታካሚው ስልክ በአንድ ኔትዎርክ ላይ አይዋሉ።

18. የሰውን መልእክት አይመልከቱ። ይህ ፈርምዌር በውስጡ የሚያልፈውን ለመቅዳት የሚያስችሉ መሣሪያዎችን ይቀበላል። መቻል ግን ፈቃድ አይደለም። ያለፈቃድ የሰውን የኮምፒውተር ግንኙነት መጥለፍ በአዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ለጥገና መረጃ መያዝ ካስፈለገ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ይያዙ፣ ሲጨርሱም ያጥፉ።

19. ማዘመኑን ቀን ቆርጠው ይያዙት። እ.ኤ.አ. በ2017 ክራክ የተባለው ቀዳዳ በደብሊውፒኤ2 ላይ ሲገኝ ማስተካከያው ወዲያው ወጣ፤ የተጠበቁት ግን ያዘመኑት ናቸው። በየወሩ አንድ ቀን መድበው አዲስ ቨርዥን መውጣቱን ይዩ። በሙከራ ላይ ያለውን ዕለታዊ ቨርዥን ሕዝብ በሚጠቀምበት ዕቃ ላይ አይጫኑ።

20. ለሚተካዎ ሰው ይጻፉ። የተጫነው ቨርዥን፣ ቀኑ፣ የዕቃው አድራሻና የማስነሻው መንገድ በአንድ ወረቀት ይስፈር፤ ፓስወርዱ በታሸገ ኤንቨሎፕ ለኃላፊው ይሰጥ። አይቲው ሥራ ሲለቅ ፓስወርዱ አብሮት ከሄደ ቀሪዎቹ ዕቃውን ማስተዳደር ይቸግራቸዋል።

21. ፈርምዌሩን ጭነው የሚሸጡ ከሆነ ለገዢው በግልጽ ይንገሩ፤ በጂፒኤል መሠረትም ገዢው ኮዱን የማግኘት መብት እንዳለው ይወቁ፣ ያክብሩም። የራስዎን ፓስወርድ ወይም ስውር መግቢያ ትተው አይሽጡ።

22. አልነሳ ያለውን ቶሎ አይጣሉ። ሲነሳ የሪሴት ቁልፉን በመጫን የሚገኘውን ፌይልሴፍ፣ ቀጥሎም ቲኤፍቲፒውን ይሞክሩ። ወደ ውስጠኛው ሲሪያል ፒን የሚገቡ ከሆነ በአብዛኛው ዕቃ ላይ ሥራው በ3.3 ቮልት ነው፤ የ5 ቮልት አስማሚ ሊያቃጥለው ይችላል፣ የኃይል ፒኑንም አያገናኙ።

በመጨረሻም፣ ከላይ ከተዘረዘሩት ውስጥ ዘጠነኛውን ወይም አሥራ አንደኛውን ቢስቱ የሚጎዳው አንድ ዕቃ ነው። አሥራ አምስተኛውን፣ አሥራ ስምንተኛውንና አሥራ ዘጠነኛውን ቢስቱ የሚጎዱት ግን የማያውቁዎት ሰዎች ናቸው። በየወሩ አንድ ቀን ለዚያ ዕቃ መስጠት የማይችሉ ከሆነ፣ ወይም የሚሰጥ ሌላ ሰው ከሌለ፣ አይጫኑት። መስጠት የሚችሉ ከሆነ ግን ዛሬ ይጀምሩ፤ አንድ ተማሪም አጠገብዎ አስቀምጠው ያሳዩት። በየትምህርት ቤቱ የተተዉትን ዕቃዎች ለመንከባከብ ብዙ እጅ ያስፈልጋልና።