ትምህርት 12፦ ሰውን በቃል መሣል

ሰውን በጽሑፍ የሚገልጽ ተማሪ ከሠዓሊ ብዙ ይማራል። ሠዓሊ ደግነትን ወይም ትሕትናን በቅጽል ሊናገር አይችልም፤ በፊት፣ በእጅና በአቀማመጥ ማሳየት ግድ ይሆንበታል።

በጣና ሐይቅ በደቅ ደሴት የምትገኘውን የናርጋ ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት፣ ከማንቡክ በስተሰሜን ከሚገኘው ከቋራ የተወለዱት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ልጃቸው ኢያሱ በ1730 እ.ኤ.አ. ከነገሠ በኋላ አገር ያስተዳድሩ ነበር። በቤተ ክርስቲያኗ ግድግዳ ላይ ግን ሠዓሊው በዙፋን አላስቀመጣቸውም፤ በክብር ልብሳቸው እንዳሉ በእመቤታችንና በልጇ እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ። ልብሳቸው ሥልጣናቸውን፣ መደፋታቸው ትሕትናቸውን ይናገራል።

የህንዱ ሠዓሊ ራጃ ራቪ ቫርማ (1848–1906 እ.ኤ.አ.) ደግሞ ሳራባት የተባለውን የሙዚቃ መሣሪያ የምትጫወት አንዲት የታሚል ሴት ሥሎ በ1874 እ.ኤ.አ. በማድራስ ትርኢት ተሸልሟል። የሥዕሉ ርእስ ወገኗንና ሥራዋን ይነግረናል፤ ስሟን ግን አይነግረንም። ስለዚህ ተመልካቹ በአንዲቷ ሴት ፊት የታሚልን ሴቶች ሁሉ ያየ ይመስለዋል።

በጽሑፍም ይህ ስሕተት ይደርሳል። ማንቡክ ገበያ የዋሉ ሁለት ተማሪዎች እንዲህ ጻፉ እንበል፦

ሀ. የጉሙዝ ሴቶች ጠንካሮች ናቸው።

ለ. አንዲት ሴት በትከሻዋ ባጋደመችው በትር ጫፍና ጫፍ ሁለት ቅርጫት አንጠልጥላ መጣች። ከዛፉ ጥላ ስትደርስ በትሩን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረችው እንጂ አላወረደችውም።

«ሀ» በብዙ ቁጥር፣ በቅጽልና በነባር ግሥ የተሰጠ ፍርድ ነው። «ለ» በነጠላ ቁጥርና በድርጊት ግሥ የተጻፈ ስለ ሆነ፣ አንባቢው የሴቲቱን ጥንካሬ ራሱ ያገኘዋል። «ሀ» ምስጋና ነው፤ ምን ጉዳት አለው? የሚል ይኖራል። ነገር ግን ዛሬ ሕዝብን በጅምላ ያመሰገነ አገባብ ነገ በአንድ ቅጽል ለውጥ ስድብ ይሆናል። ጉሙዙ፣ አገውና አማራው በአንድ ገበያ በሚገናኝበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

መልመጃ

1. በ«ለ» ውስጥ ያሉትን ግሦች አውጥታችሁ ጻፉ።

2. «ሽማግሌው ደግ ናቸው» የሚለውን አሳብ፣ «ደግ» የሚለውን ቃል ሳትጠቀሙ፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር ግለጹ።

3. የምታውቋቸውን አንዲት እናት ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ፣ በስማቸው ጠርታችሁ፣ በአሥር መስመር ግለጹ። ከጨረሳችሁ በኋላ ጽሑፉን ለራሳቸው አንብቡላቸው፤ «ይህ እኔን አይደለም» ያሉትን ቦታ አርሙ።