ጠባያችሁን ሳይሆን ሜዳችሁን ቀይሩ

"ረጋ በል!"፣ "ድምፅሽን ቀንሺ!" እየተባላችሁ ካደጋችሁ የስቲቭ ባልመርን ታሪክ ልታውቁት ይገባል።

ባልመር በሃርቫርድ ሲማር ተጫዋች አልነበረም፤ የዩኒቨርሲቲውን የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ግን በማናጀርነት ያገለግል ነበር። እዚያው ማደሪያ ውስጥ ከቢል ጌትስ ጋር ተዋወቀ። እ.ኤ.አ. በ1980 ጌትስ ሲጠራው በኋላ የጀመረውን የስታንፎርድ ትምህርት አቋርጦ የጌትስን ኩባንያ ማይክሮሶፍትን ተቀላቀለ፤ 30ኛው ሠራተኛ ነበር። ኮድ አይጽፍም ነበር። የእሱ ሥራ መቅጠር፣ መሸጥና ሰው ማነሳሳት ነበር። በ1991 ጃፓን ውስጥ በተደረገ ስብሰባ "ዊንዶውስ!" እያለ ሲጮህ የድምፅ አውታሩ ተጎድቶ ቀዶ ሕክምና አስፈልጎታል!

በ2000 ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነ። በእሱ ዘመን የኩባንያው ዓመታዊ ገቢ ከሦስት እጥፍ በላይ አደገ። ዳሩ ግን በ2007 አይፎን ሲመጣ ዋጋው ውድ ነው ብሎ ሳቀበት፤ የስልኩም ገበያ አመለጠው። መድረክ ላይ ሲዘልና ሲጮህ የሚያሳየው ቪዲዮ መሳለቂያ ሆነ። ነሐሴ 2013 "ሥራዬን ልለቅ ነው" ሲል የማይክሮሶፍት አክሲዮን በአንድ ቀን 7 በመቶ ገደማ ዘለለ። ከ33 ዓመት ልፋት በኋላ የተሰጠው ስንብት ይህ ነበር። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎም ከሌሎች ባለሀብቶች ጋር የሳክራሜንቶ ኪንግስን ቅርጫት ኳስ ቡድን ገዝቶ ወደ ሲያትል ለማዛወር ያደረገው ሙከራ በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ በኤንቢኤ የቡድን ባለቤቶች 22 ለ 8 ድምፅ ውድቅ ሆኖበታል።

ሌላ ሰው ቢሆን ጡረታውን ይዞ ቤቱ ይቀመጥ ነበር። ባልመር ግን በ2014፣ በ58 ዓመቱ፣ የሎስ አንጀለስ ክሊፐርስን ቅርጫት ኳስ ቡድን በ2 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። እስከዚያ ድረስ ለኤንቢኤ ቡድን የተከፈለው ትልቁ ዋጋ 550 ሚሊዮን ነበርና ብዙዎች "ተሞኘ" አሉ።

አሁን ልብ በሉ። ከጩኸቱ በስተጀርባ ያለው ለራስ ወገን ያለ ልክ ማድላት የሥራ አስፈጻሚን ዓይን ይጋርዳል፤ የተፎካካሪውን ብርታት አያሳየውም። ደጋፊ ላይ ሲሆን ግን ያው ማድላት ታማኝነት ይባላል። ባልመር ዛሬም ከሜዳው ጠርዝ ተቀምጦ ይዘላል፣ ይጮኻል፤ ተመልካቹም አብሮት ይነሳል። ለዓመታት ከከተማው ሌላኛው ቡድን ከሌከርስ ጋር አንድ አዳራሽ ተጋርቶ የኖረው ክሊፐርስ በ2021 ለመጀመሪያ ጊዜ የምዕራቡ ኮንፈረንስ ፍጻሜ ደረሰ። በ2024 ደግሞ በኢንግልዉድ የራሱ አዳራሽ፣ ኢንትዊት ዶም፣ ተከፈተለት። በአንዱ ቅርጫት ጀርባ 51 ተርታ ወንበር ሳይቆራረጥ ሽቅብ ይወጣል፤ ቦታው ለሚጮኹ ደጋፊዎች የተተወ ነው። ሰው ወረፋ ሲጠብቅ ጨዋታ እንዳያመልጠው ተብሎ ከ1 ሺህ በላይ መጸዳጃዎች ተተክለውለታል። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያስበው ራሱ ደጋፊ የሆነ ሰው ብቻ ነው። የሊጉን ዋንጫ ገና አላነሳም፤ ቢሆንም መሥራቱን አላቆመም።

እኛ 2 ቢሊዮን ዶላር የለንም፤ ጠባይ ግን ሁላችንም አለን። ይህ ማለት "ተፈጥሮዬ ነው" እያልን ጥፋታችንን እንሸፍን ማለት አይደለም። ሰዎች ደጋግመው የነቀፉባችሁን አንድ ጠባይ ወረቀት ላይ ጻፉ። ቀጥሎም "ይህ ጠባይ እንደ ችሎታ የሚቆጠርበት ሥራ የትኛው ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ነገር የምታበዛ ከሆነ ማስተማር ወይም ሽያጭ ይፈልግሃል፤ ሁሉን የምትጠራጠሪ ከሆነ የሒሳብ ምርመራ ይጠብቅሻል። መልሱ ከተገኘ በዚያ ሥራ ላይ ያለ አንድ ሰው ፈልጉና በዚህ ሳምንት አነጋግሩት። ዕድሜም ቀደም ሲል የደረሰ ሽንፈትም ሰበብ አይሁኑ፤ ባልመር ሁለቱንም ይዞ ነው የጀመረው።