ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ

በአዲሱ ገበያ ቆሞ ወደ ተራራው ዐይኑን ያነሣ ሰው የእንጦጦን ባሕር ዛፍ ያያል። ይህ ዛፍ የኢትዮጵያ ተወላጅ አይደለም፤ የትውልድ አገሩ አውስትራልያ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት የአዲስ አበባ ሰው እንጨት አጥቶ በተቸገረ ጊዜ መጣ፤ ከባሕር ማዶ ስለ መጣም ባሕር ዛፍ ተባለ። ፈጥኖ አድጎ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ሆነ። ነገር ግን ውኃ አብዝቶ ይጠጣል፤ ከሥሩም ሌላ ተክል እንደ ልቡ አይበቅልም። ጥቅሙና ጉዳቱ አብረው መጡ።

እንደዚህ ያለ ነገር በጎረቤት አገር በኬንያም ሆነ። በሰሜን አሜሪካ በሉዊዚያና ረግረግ ክሬይፊሽ የሚባል ትንሽ የውኃ እንስሳ ይኖራል። መልኩ ቀይ፥ ልብሱ ጠንካራ ቅርፊት፥ እግሩም ዐሥር ነው፤ የፊተኞቹ ሁለቱ እንደ አንጥረኛ ጉጠት ይቆነጥጣሉ። ሴቲቱ በመቶ የሚቈጠር ዕንቍላል ከጅራቷ በታች ይዛ ትዞራለች። ውኃው በጐደለ ጊዜ ጭቃ ቈፍሮ ይሸሸጋል፤ በየብስም ሄዶ ሌላ ውኃ ይፈልጋል።

ይህ እንስሳ በ1970 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፥ ለምግብና ለንግድ ይሆናል ተብሎ ወደ ናይቫሻ ሐይቅ ገባ። በእውነትም እየተጠመደ ወደ አውሮፓ ተሸጠ። ነገር ግን እጅግ በዛ፤ በውኃ ውስጥ የሚበቅለውን ተክል እየበላ አመናመነ፤ በመረብ የተያዘውንም ዓሣ አጥማጁ ሳይደርስ ቀድሞ በላው። ሊጠቅም የመጣው እንግዳ የባለቤቱን እንጀራ ተሻማ።

ክሬይፊሽ ግን ክፉ ሆኖ አይደለም። በተወለደበት ረግረግ ወፉና ዓሣው እየበሉት ቍጥሩ ይመጠናል። ጥፋቱ ጥቅሙን ብቻ ቈጥሮ ጉዳቱን ሳይመረምር ያመጣው ሰው ነው።

በገበያ ዕቃ የሚገዛ ብልህ ሰው ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት ዕቃውን አገላብጦ ያያል፤ ያልተስማማውንም ለነጋዴው ይመልሳል። ሕይወት ያለው ፍጥረት ግን አንድ ጊዜ በውኃ ከተለቀቀና ከተዋለደ በኋላ ለቅሞ የሚመልሰው አይገኝም፤ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም እንዲሉ። ስለዚህ አስተዋይ ልጅ ከሩቅ የመጣውን ዓሣ ወይም ዘር ወደ ወንዝ ከመጣሉ በፊት የሚያውቁትን ሰዎች ይጠይቃል። መጠየቅ የአንድ ቀን ድካም ነው፤ ሳይጠይቁ ማድረግ ግን ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ዕዳ ነው።