የመጀመሪያውን ተጣጣፊ ምላጭ ስለ መምረጥ

ጽሕሙን በገዛ እጁ፣ በጥንቱ ተጣጣፊ ምላጭ ሊላጭ የቈረጠ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ነገር ቢኖር፣ ይህ መሣሪያ ዛሬ ፀጉር አስተካካዮች ከሚይዙት፣ ባለ ሁለት አፍ ምላጭ ለሁለት ተሰብሮ ከሚሰካበት መያዣ ጋር በመልኩ ቢመሳሰልም በግብሩ ፈጽሞ የተለየ መሆኑ ነው። በመያዣው የሚሰካው ምላጭ ሲደንዝ ይጣላል፤ ተጣጣፊው ግን ከጀርባው እስከ ስለቱ ወጥ ዐረብ ብረት ስለ ሆነ፣ ሲደንዝ በድንጋይ ይሳላል፤ ከመላጨት በፊትም በቆዳ ጠፍር ላይ እየተመላለሰ ይለሰልሳል፤ በአግባቡ ለያዘውም ዕድሜ ልኩን ያገለግለዋል። አሜሪካዊው ኪንግ ካምፕ ጂሌት ለሚጣለው ምላጭ በ1904 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ካገኘ ወዲህ የዓለም ወንድ ሁሉ ቀስ በቀስ ወደዚያ ስላዘነበለ፣ ጥንታዊውን መሣሪያ የሚመርጥ ሰው ምክር የሚሰጠው ጎረቤት በቀላሉ አያገኝም፤ ይህን መጻፌም ስለዚሁ ነው።

በዚህ ግብረ እድ ስማቸው የጸና ከተሞች በጀርመን በቩፐር ወንዝ አጠገብ ያለችው ዞሊንገን፣ የእንግሊዝዋ ሼፊልድና የፈረንሳይዋ ትየር ናቸው። ሼፊልድን ለዚህ ክብር ካበቋት ምክንያቶች አንዱ፣ ቤንጃሚን ሀንትስማን የተባለ ሰዓት ሠሪ በ1740ዎቹ እ.ኤ.አ. ዐረብ ብረትን በሸክላ ማቅለጫ አቅልጦ የጠራና ወጥ የሆነ ብረት ማውጣቱ ነው። የዞሊንገን ስም ደግሞ ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ስለ ሆነ፣ ከከተማይቱና ከአካባቢዋ ውጭ የተሠራ ስለት ያ ማኅተም እንዲያርፍበት አይፈቀድም። በአሮጌ ምላጭ ጅራት ላይ የአገር ስም በእንግሊዝኛ ተቀርጾ ብታገኝ፣ አሜሪካ የውጭ ዕቃ ሁሉ የተሠራበትን አገር ስም ይዞ እንዲገባ ካስገደደችበት ከ1891 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠራ መሆኑን መገመት ትችላለህ።

መጠኑን መወሰን ቀላል ነው፤ ስፋቱ 5/8 ኢንች፣ ማለት 16 ሚሊሜትር ያህል፣ ጫፉ ክብ፣ ጎኖቹም የተቦረቦሩ ይሁኑ። ከዚህ የጠበበው አረፋው ቶሎ ይሞላዋል፤ ከዚህ የሰፋው ደግሞ ከአፍንጫ ሥር ሲደርስ የምትላጨውን ቦታ ይጋርድብሃል፤ ማዕዘኑ ሹል የሆነው ጫፍ ጆሮን ይወጋል፤ እንደ ሽብልቅ ድፍን የሆነው የጥንት ምላጭም ለመሳል የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። እኔ ከማይዝገው ይልቅ የሚዝገውን፣ ካርቦን ያለበትን ዐረብ ብረት እወዳለሁ፤ በድንጋይ ላይ ቶሎ ይታዘዛልና። የእጀታው ነገር እንደ ወደድህ ነው፤ ነገር ግን ከአሮጌ ሴሉሎይድ ተጠበቅ፤ ይህ ነገር በዕድሜ ብዛት ሲበሰብስ የሚያወጣው አሲድ ያለበት ጋዝ በውስጡ ታጥፎ የተኛውን ምላጭ ሳይታወቅ በዝገት ይበላዋል።

አሮጌ ምላጭ የሚገዛ ሰው ከዚህ በታች ያለውን ቀስ ብሎ ያንብብ። ከሁሉ አስቀድመህ ጀርባውን ተመልከት። የሰው ሁሉ ዓይን ወደ ስለቱና በጎኑ ላይ ወደ ተቀረጸው የወርቅ ሐረግ ይሮጣል፤ የምላጩ ምሥጢር ግን ያለው በጀርባው ነው። ምላጭ በሚሳልበት ጊዜ ጀርባውና ስለቱ በአንድነት በድንጋዩ ላይ ስለሚተኙ፣ ስለቱ የሚያገኘውን ማዕዘን የሚወስነው የጀርባው ውፍረት ከምላጩ ስፋት ጋር ያለው ምጣኔ ነው፤ ማዕዘኑም አብዛኛውን ጊዜ ከ16 እስከ 17 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። በጀርባው ግራና ቀኝ ክር የመሰለ ቀጭን ጠፍጣፋ መሥመር ብታይ አትደንግጥ፤ ድንጋይ የነካው ምላጭ ሁሉ ይህ አለበት። መሥመሩ የሰፋ እንደ ሆነ ግን፣ ይልቁንም በአንድ ወገን ሰፊ፣ በሌላው ጠባብ፣ ወይም ከጅራቱ ወደ ጫፉ ሲሄድ እየሰፋ የሚመጣ ከሆነ፣ ያልተማረ እጅ ለብዙ ዘመን ያለ ልክ ፍቆታልና አስቀምጠህ ሂድ። የተበላ ጀርባ አይመለስም፤ ማዕዘኑ ከልኩ በታች ስለሚጠብ ስለቱ እጅግ እየሳሳ ይፈረፈራል፤ ማንም ጠቢብ ቢስለው ደኅና ምላጭ አይወጣውም።

ቀጥሎ ምላጩን ከፍተህ በመስኮት ብርሃን ፊት ስለቱን ወደ ዓይንህ አቅናው። ደኅና ስለት ብርሃን አይመልስም፤ የሚያብረቀርቅ ነጥብ ያየህበት ቦታ የደነዘ ወይም የተሸረፈ ነው። ሽርፋቱ ትንሽ ከሆነ በድንጋይ ይጠፋል። መካከሉ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ስለት ግን ፊት ላይ እኩል አያርፍምና ይቅርብህ። የዝገትም ነገር እንደ ቦታው ነው፤ በጀርባው ወይም በጅራቱ ላይ ያለው መልኩን ከማበላሸት በቀር ጉዳት የለውም፤ በስለቱ አጠገብ የምታያት ጥቁር ነጥብ ግን፣ የሰናፍጭ ቅንጣት እንኳ ብታክል፣ ወደ ውስጥ የዘለቀች ጉድጓድ ናት፤ ስትስለው ስለቱ እዚያች ላይ ሲደርስ ይሸረፋል። ስንጥቅ ካለበትም መድኃኒት የለውም፤ ከስለቱ ወደ ላይ የሚወጣ ፀጉር የመሰለ መሥመር ፈልግ፤ የተቦረቦረውን ጎን በጥፍርህ ጫፍ ቀስ ብለህ ብትመታው ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። በመጨረሻም እጠፈውና ስለቱ እጀታውን ሳይነካ በመካከሉ መግባቱን እይ። በጀርመን አገር ያለ ዘመድህ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የሚገዛልህ ከሆነ፣ የጀርባውን፣ የሁለቱን ጎንና በብርሃን ፊት የተያዘውን የስለቱን ፎቶግራፍ ሳትቀበል «ግዛልኝ» አትበል፤ ይህች ብልሃት ለእኔ ብዙ ብር አድናልኛለች። ይዞልህ ሲመጣም በእጅ ሻንጣው አያድርገው፤ ይወረስበታል።

አሁን ጀማሪዎችን ሁሉ ወደሚጥለው ነገር ደረስን። ሻጩ «ስል ነው» ቢልህ፣ በፊትህም የክንዱን ፀጉር ላጭቶ ቢያሳይህ፣ አትመነው። የክንድ ፀጉር ቀጭን ነው፤ ደኅና የተሳለ የወጥ ቤት ቢላዋም ይላጨዋል፤ የጢም ፀጉር ግን ከዚያ እጅግ የጸና ስለ ሆነ፣ ከፋብሪካው ሣጥን የወጣ አዲስ ምላጭ እንኳ ብዙ ጊዜ ይጎትተዋል እንጂ አይቈርጠውም። ጀማሪው ደግሞ ከዚህ በፊት ስል ምላጭ ስላልቀመሰ፣ የምላጩን ኃጢአት በገዛ እጁ ላይ ያሳብባል፤ ይጫነዋል፤ ሲጫነውም ይቈረጣል፤ ከዚያ ወዲያ መሣሪያውን በመሳቢያ ውስጥ ቀብሮ ወደ ቀድሞው ይመለሳል።

ስለዚህ የምትገዛው ምላጭ፣ አዲስም ይሁን አሮጌ፣ ራሱ በተጣጣፊ ምላጭ በሚላጭ ሰው እጅ የተሳለ ይሁን፤ ሻጩን በማን፣ በምን ድንጋይ እንዳስሳለው ጠይቀው። ከ1000 ቍጥር ድንጋይ ጀምሮ እስከ 8000 ወይም ከዚያ በላይ ያደረሰው ሰው መልስ አያጣም። ቢላዋና መቀስ በሚዞር ድንጋይ ወደሚስሉት ሰዎች ግን፣ እባክህን፣ አትውሰደው! የድንጋዩ ግለት የብረቱን ጥንካሬ ያጠፋዋል፤ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ኅብር የታየበት ስለት በዚህ መንገድ የሞተ ነው። በአውራ ጣትህም ስለቱን አትዳስስ፤ ለጣትህም ለስለቱም አይበጅም።

ጠፍሩ ርካሽ ይሁን፤ የመጀመሪያውን ጠፍር በስለቱ መተልተልህ አይቀርም። ምላጩን በጀርባው እየመራህ ሃምሳ ጊዜ ያህል አመላልሰው፤ ሲገላበጥም ስለቱ ሳይሆን ጀርባው በቆዳው ላይ ይዙር።

እንደ አብዛኛው የአገራችን ሰው ጢምህ የሚጠቀለል ከሆነ፣ ፀጉሩ ወደሚተኛበት አቅጣጫ አንድ ጊዜ ብቻ ተላጭ፤ ወደ ላይ እየተመለሱ ማጽዳት የሚጠቀለለው ፀጉር ተመልሶ ወደ ቆዳ እንዲበቅልና እንዲያብጥ ያደርጋል። በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ምላጩን ወደ 30 ዲግሪ ያህል አዘንብለህ ጉንጮችህን ብቻ ላጭበት፤ አገጭህንና የላይኛውን ከንፈር በለመድኸው ጨርስ። ከዚያም አጥበህ፣ አድርቀህ፣ አንዲት ጠብታ ዘይት ቀብተህ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ እንፋሎት ርቆ በሚገኝ ስፍራ አኑረው።