ምግባራችን ለሃይማኖታችን ምስክር ነው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የዛሬው ትምህርታችን የሚያተኩረው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው። ይኸውም፦ ከእኛ እምነት ውጭ ያለ ጎረቤት ስለ ሃይማኖታችን የሚያውቀውን ከማን ተማረ? የሚለው ነው።

፩. ስሙ የማን ነው?

ደቀ መዛሙርት መጀመሪያ ክርስቲያን ተብለው የተጠሩት በአንጾኪያ ነው (የሐዋ. 11፥26)። ስሙ ከክርስቶስ ስም የተወሰደ ነው። እንግዲህ ክርስቲያን የተባለ ሰው የሚያከብረውም ሆነ የሚያሰድበው የራሱን ስም ብቻ አይደለም።

የያዕቆብ ልጆች ስምዖንና ሌዊ በሴኬም ሰዎች ላይ ያደረጉትን እናስታውስ (ዘፍ. 34)። የቃል ኪዳን ምልክት የሆነውን ግዝረት ማታለያ አድርገው ሰዎቹን በሕመማቸው ሳሉ ፈጇቸው። ያዕቆብም በአገሩ ሰዎች ዘንድ እንዳስጠሉት ተናገረ። በደሉን የሠሩት ሁለት ናቸው፤ የተጠላው ግን ቤቱ በሙሉ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ሕግን እያስተማሩ ሕግን የሚያፈርሱ ሰዎች የእግዚአብሔርን ስም በአሕዛብ መካከል እንደሚያሰድቡ ጽፏል (ሮሜ 2፥24)።

አንዳንድ ሰው «ጥፋቱ የሰዎቹ ነው እንጂ የሃይማኖቱ አይደለም» ይላል። ነገሩ እውነት ነው። ነገር ግን ጎረቤታችን ቅዳሴያችን ውስጥ ገብቶ አይሰማም፤ መጻሕፍታችንንም ገልጦ አያነብም። የሚያየው እኛን ነው። ሐዋርያው ምእመናንን ሰው ሁሉ የሚያነበው መልእክት ያላቸው ስለዚህ ነው (2 ቆሮ. 3፥2)።

፪. በገዛ አገራችን የሆነው

ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከወገራ እስከ ስሜን ባለው አገራችን ቤተ እስራኤል ለብዙ መቶ ዓመታት ከእኛ ጋር ኖረዋል። ኦሪትን በግዕዝ ያነቡ ነበር፤ ቀዳሚት ሰንበትን ያከብሩ ነበር። እኛ ግን ምን አደረግንላቸው?

በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አፄ ይስሐቅ በወገራ ኮሶጌ ላይ ድል ካደረጓቸው በኋላ የተጠመቀ የአባቱን ርስት እንዲወርስ፣ ያልተጠመቀ ግን ፈላሲ እንዲሆን እንዳወጁ ይነገራል። «ፈላሻ» የሚለው ስም ከዚህ እንደመጣ የሚናገሩ አሉ። እነርሱ ግን ይህን ስም አይወዱትም፤ ራሳቸውን የሚጠሩት ቤተ እስራኤል ብለው ነው። ከዚያም በ17ኛው መቶ ዓመት በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በስሜን አምባዎች ላይ በተደረገው ጦርነት ብዙዎች ተገደሉ፤ ሌሎችም በግድ እንዲጠመቁ ታዘዙ።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ጥምቀት የጸጋ ልጅነት የሚገኝበት ምሥጢር ነው። ለእነዚህ ሰዎች ግን በአንድ በኩል የርስት ዋጋ፣ በሌላ በኩል የሰይፍ ማስፈራሪያ ሆኖ ቀረበላቸው። ጥምቀትን እንዲህ አድርጎ ያሳያቸው ክርስቲያን ነው።

ርስት ያጡት ሰዎች በእጃቸው ሙያ ኖሩ። በጎንደር ዘመን ግንበኞችና አናጢዎች ሆነው አገልግለዋል። በየመንደሩም ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጡ፣ ሴቶቹ ሸክላ ይሠሩ ነበር። የምናርስበት ማረሻ፣ የምናጭድበት ማጭድ፣ ውኃ የምንቀዳበት እንስራ፣ እንጀራ የምንጋግርበት ምጣድ የእነርሱ እጅ ሥራ ነበር። በምላሹ የሰጠናቸው ስም ግን «ቡዳ» የሚል ነው። ሌሊት ጅብ ይሆናሉ፣ ሰው ይበላሉ ተባለ። ሰው ሲታመምና ሲለፈልፍ ስሙን የጠራው ብረት ሠሪ ወይም ሸክላ ሠሪ ያለ ምስክርና ያለ ዳኛ ጥፋተኛ ይሆን ነበር።

እርግጥ ነው፤ መራራቁ ከእኛ በኩል ብቻ አልነበረም። እነርሱም በኦሪት ሥርዓት ስለ ንጽሕና ይጠነቀቁ ነበር፤ ከሌላ ሰው ጋር ሲነካኩ ይታጠቡ ነበር። ይህ ግን የራሳቸውን ሥርዓት መጠበቅ ነው፤ በሌላው ላይ የሐሰት ወሬ ማውራት አይደለም። «ቡዳ ነው» ማለት ግን በባልንጀራ ላይ በሐሰት መመስከር ነው፤ ይህም ከዐሥርቱ ትእዛዛት አንዱን ማፍረስ ነው።

ለእጅ ሥራ ያለን ንቀትም ከመጻሕፍት የተገኘ አይደለም። እግዚአብሔር ባስልኤልን በወርቅ፣ በብርና በናስ እንዲሠራ በመንፈሱ እንደሞላው ኦሪት ይናገራል (ዘፀ. 31)። ጌታችን ያደገው በጸራቢው በዮሴፍ ቤት ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ድንኳን ይሰፋ ነበር። «ጠይብ» የሚለው ቃል ራሱ «ጠቢብ» ከሚለው የመጣ ነው። ጥበብን የሚያመሰግነውን ቃል ስድብ ያደረግነው እኛ ነን። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ መከልከላቸው በሽታው ምን ያህል እንደተስፋፋ ያሳያል።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሲሆን እነዚህ ሰዎችም እንደ ሌላው ገበሬ መሬት የማግኘት መብት አገኙ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ብዙዎቹ በሱዳን በኩል በእግራቸው ወደ እስራኤል መንገድ ጀመሩ። በ1977 ዓ.ም. ብዙ ሺህ ሰዎች ከሱዳን በአውሮፕላን ተወሰዱ፤ በመንገድና በመጠለያ ያለቁትም ብዙ ናቸው። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ ከ14,000 በላይ ሰዎች በሁለት ቀን ውስጥ ሄዱ። የወሰዳቸው የአባቶቻቸው ተስፋ ነው። ሲሄዱ ግን ስለ እኛ ያላቸውን ትዝታም ይዘው ሄደዋል። ዛሬ በእዚያ አገር አንዲት አሮጊት ለልጅ ልጃቸው ስለ ክርስቲያን ጎረቤት ሲያወሩ ምን ይሉ ይሆን? አብሮ ያዘነና አብሮ የረዳ ጎረቤት እንደነበረ ጥርጥር የለውም። የ«ቡዳ» ስምም አብሮ ይነገራል።

፫. መልካም ምግባርም ይወራል

በ7ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በመካ የተሰደዱ የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ወደ አክሱም መጡ። አሳዳጆቻቸውም እጅ መንሻ ይዘው ተከትለው በመምጣት አሳልፈህ ስጠን አሉ። ክርስቲያኑ ንጉሥ ግን ሁለቱንም ወገን ሰምቶ ስደተኞቹን አልሰጥም አለ፤ እጅ መንሻውንም መለሰ። ሙስሊም ወገኖቻችን የዚያን ንጉሥ ፍርድ እስከ ዛሬ በምስጋና ያነሣሉ። በሃይማኖት ከእርሱ ጋር አንድ አልነበሩም፤ ሆኖም ከ1,400 ዓመት በኋላ የሚተርፍ በጎ ስም ያገኘው በአንድ ቀን እውነተኛ ፍርድ ነው።

፬. ሁለት ጥያቄዎች

የመጀመሪያው፦ ሰው እንዲያይልን መሥራት ውዳሴ ከንቱ አይደለምን? ጌታችን ምጽዋትን በስውር አድርጉ ብሏል (ማቴ. 6)። ደግሞም ብርሃናችሁ በሰው ፊት ይብራ ብሏል (ማቴ. 5)። ሁለቱ አይጣሉም። ምስጋናው ወደ እኛ እንዲመጣ ከሠራን ግብዝነት ነው፤ ወደ ሰማያዊ አባታችን እንዲሄድ ከሠራን ግን ምስክርነት ነው።

ሁለተኛው፦ የሃይማኖታችን ስም እንዳይነቀፍ ጥፋታችንን መሸፈን አይሻልምን? አይሻልም። ነቢዩ ናታን ንጉሥ ዳዊትን ፊት ለፊት ገሠጸው፤ ሥራው ጠላቶች እግዚአብሔርን እንዲነቅፉ ምክንያት እንደሆነም ነገረው (2 ሳሙ. 12)። ይህ ሁሉ በመጽሐፍ ተጽፎ ለእኛ ደርሷል። የተሸፈነ ቁስል ይመረቅዛል እንጂ አይድንም። ስም የሚጠበቀው በንስሐና የበደሉትን በመካስ ነው።

፭. ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ዛሬም በየመንደራችን ብረት የሚቀጠቅጡ፣ ሸክላ የሚሠሩ፣ ሸማ የሚሠሩ አሉ፤ ብዙዎቹም ከእኛ ጋር ያስቀድሳሉ። ስለዚህ፦

«ቡዳ» የሚለውን ቃል ከአፋችን እናውጣ፤ ሌላው ሲናገርም ዝም አንበል። ሰው ሲታመም ወደ ጸበልና ወደ ሐኪም እንውሰደው እንጂ ጎረቤት አንክሰስ። የሠራተኛውን ዋጋ አናጉድል። በሰንበቴና በዝክር ማዕድ ማንም በሙያው ምክንያት ዳር አይቀመጥ። ወጣቶች ለጋብቻ ሲተጫጩም «ዘሩ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ከጥምቀት አንድነት በላይ አይሁን።

ደባርቅ ወደ ስሜን ተራሮች ፓርክ መግቢያ ናት። መንገድ የምንመራ፣ በቅሎ የምንጭን፣ ምግብ የምናዘጋጅ ወጣቶች አለን። እንግዳው ቋንቋችንን ባያውቅም በአንገታችን ያለውን ማተብ ያያል። በተስማማንበት ዋጋ ከጸናን ማተቡ ይመሰክርልናል፤ ካታለልን ይመሰክርብናል። በገበያ «በማተቤ» ብለን ምለን ሚዛን ብናጎድልም እንዲሁ ነው።

ለመወያየት፦

1. በመንደራችን ሰውን በሙያው ወይም በዘሩ የምንሰድብባቸው ቃላት የትኞቹ ናቸው?
2. ከእኛ እምነት ውጭ ያለ ጎረቤታችን ባለፈው ሳምንት ከእኛ ምን አየ?
3. የበደልነው ሰው ቢኖር በምን እንክሰዋለን?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።