ስለ ቁልቋል፤ ደጁን በሌሊት ስለሚከፍት ተክል

ከአዳማ ተነሥቶ ወደ አሰላ የሚሄድ መንገደኛ የአዋሽን ወንዝ ከተሻገረ በኋላ ደራ ከምትባል ከተማ ይደርሳል። አገሩ የስምጥ ሸለቆ ቆላ ነው። ወደ ደቡብ ለሚመለከት የአርሲ ደጋና የጭላሎ ተራራ ከፍ ብለው ይታያሉ፤ በዚያ ስንዴና ገብስ ይበቅላል። በደራ ዙሪያ ግን ግራርና ቁልቋል የበቀለበት ደረቅ ምድር ይበዛል። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ሰማዩ ይጠራል፤ ፀሐይም ትበረታለች። በኅዳር ሣሩ ቢጫ ይሆናል፤ በጥርና በየካቲትም ከብቱ የሚግጠው ያጣል።

በዚያ ወራት ቁልቋልን የተመለከተ ሰው ይደነቃል። ሣሩ ደርቆ፣ ብዙውም ዛፍ ቅጠሉን አራግፎ ሳለ፣ ቁልቋል በክረምት እንደ ነበረ ሆኖ አረንጓዴ እንደ ለበሰ ይቆማል። ውኃ የሚያጠጣው ሰው የለም። ግራር እንኳ ሥሩን ወደ ጥልቅ ሰድዶ ውኃ ይፈልጋል፤ የቁልቋል ሥር ግን ከምድር ፊት ብዙ አይርቅም። እንግዲህ በምን ዘዴ ይኖራል?

ይህን ለማወቅ አስቀድሞ ተክል እንዴት እንደሚመገብ ማወቅ ያስፈልጋል። አረንጓዴ ተክል ሁሉ ምግቡን ራሱ ይሠራል። ለሥራውም ሦስት ነገር ይሻል፤ ይኸውም ከምድር ውኃ፣ ከፀሐይ ብርሃን፣ ከነፋስም ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለው አየር ነው። ከነዚህም ስኳር ይሠራል። የዚህ ሥራ ስም ብርሃን አስተፃምሮ ይባላል። ነገር ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በነፋስ ውስጥ እጅግ ጥቂት ነው። ነፋስ በ10,000 እጅ ቢከፈል የርሱ ድርሻ 4 እጅ ያህል ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ተክሉ ይህን አየር ለማስገባት በቅጠሉ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ደጆች ይከፍታል። ደጆቹም ከማነሳቸው የተነሣ በዓይን አይታዩም።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ደጁ ሲከፈት አየሩ ይገባል፤ ያን ጊዜም በውስጥ ያለው ውኃ እንፋሎት ሆኖ ይወጣል። ፀሐይ በበረታችበትና ነፋሱ በደረቀበት ሰዓት ደግሞ የሚወጣው ውኃ እጅግ ይበዛል። ስለዚህ ተክሉ በሁለት መከራ መካከል ይኖራል፤ ደጁን ቢዘጋ ይራባል፤ ቢከፍት ይጠማል።

ስንዴ፣ ባቄላና ገብስ ደጃቸውን በቀን ይከፍታሉ። እንደነዚህ ያሉ ዕፀዋት 1 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለማስገባት ከ400 እስከ 500 ግራም ውኃ ያወጣሉ። ጤፍ፣ ማሽላና በቆሎም በቀን ይከፍታሉ፤ ነገር ግን አየሩን የሚይዙበት ብልኀት ከስንዴ ስለሚበልጥ ከ250 እስከ 300 ግራም ያህል ይበቃቸዋል። የቁልቋል ዓይነት ዕፀዋት ግን ለዚያው ሥራ የሚያወጡት ከ50 እስከ 100 ግራም ብቻ ነው። ስንዴ አምስት እንስራ በሚያፈስስበት ሥራ ቁልቋል አንድ እንስራ እንኳ አይጨርስም ማለት ነው።

ምሥጢሩ በሰዓት ምርጫ ላይ ነው። ቁልቋል ደጁን በቀን ይዘጋል፤ ነፋሱ በቀዘቀዘበት በሌሊትም ይከፍታል። ነገር ግን በሌሊት የፀሐይ ብርሃን የለም፤ ያለ ብርሃንም ስኳር አይሠራም። ታዲያ የገባው አየር እስኪነጋ ድረስ ወዴት ይቀመጣል?

ይህን ለመረዳት የእንጀራን ሥራ ማሰብ ይበቃል። እናት ዱቄቱን በውኃ ለውሳ፣ እርሾ ጨምራ ታሳድረዋለች። በዚያን ሰዓት እሳት አታነድም፤ ምጣድም አትጥድም። ሊጡ በቆየ ጊዜ ይቦካል፤ ይኮመጥጣል። ከዚያ በኋላ እሳቱን አንድዳ ትጋግረዋለች። ቁልቋልም እንደዚሁ ሥራውን በሁለት ጊዜ ከፍሎ ይሠራል። በሌሊት የገባውን አየር ወደ ኮምጣጣ ነገር ለውጦ በሥጋው ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ከረጢቶች ያሳድረዋል። ይህ ኮምጣጣ ነገር ማሊክ አሲድ ይባላል፤ ፖም የሚባለውን ፍሬ የሚያኮመጥጠውም እርሱ ነው። በነጋም ጊዜ ደጁን ይዘጋል። ያደረውም አሲድ አየሩን በውስጥ መልሶ ይለቅቃል፤ የፀሐይም ብርሃን እንደ ምጣድ እሳት ሆኖ ስኳሩን ያበስላል። ቁልቋል ቅጠሉ ትንሽና ቶሎ የሚረግፍ ስለ ሆነ ይህ ሥራ የሚፈጸመው በአረንጓዴው ቅርንጫፉ ላይ ነው። ቆዳውም እንደ ሰም ባለ ነገር የተሸፈነ ስለ ሆነ ውኃው በሌላ መንገድ በቀላሉ አያመልጥም።

ይህን ነገር ቀድመው ካስተዋሉት ሰዎች አንዱ ቤንጃሚን ሃይን የሚባል ጀርመናዊ ነበረ። እርሱ በሕንድ አገር የኖረ ሚስዮናዊና ዕፀዋትን የሚመረምር ሰው ነው። አንድ ቀን የእንዳሁላ ዘመድ የሆነ ተክል ቅጠል በጧት ቢቀምስ ኮምጣጣ ሆኖ አገኘው፤ በቀትር ቢቀምስ ጣዕም አጣበት፤ በማታ ደግሞ መረር አለው። ተክሉ አንድ ሲሆን ጣዕሙ በሰዓቱ መለዋወጡ አስደነቀው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1813 ነገሩን ወደ እንግሊዝ አገር በደብዳቤ ጻፈ፤ በ1815ም ታተመ። ምክንያቱ ተመርምሮ የታወቀው ግን ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ልጆች ሆይ፤ ያላወቃችሁትን ቅጠል አትቅመሱ። የቁልቋል ነጭ ወተት መርዝ ነው፤ ዓይንንም ያጠፋል።

የቁልቋል አባቶች ከመጀመሪያው እንዲህ አልነበሩም። እነርሱም ደጃቸውን እንደ ሌሎች ዕፀዋት በቀን ይከፍቱ ነበር። ነገር ግን በብዙ ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ብዙ አገር እየደረቀ ሄደ፤ በነፋስ ውስጥ ያለውም ካርቦን ዳይኦክሳይድ በዚያ ረጅም ዘመን ቀነሰ። ከአንድ ተክል የወጡ ዘሮች ሁሉ ጠባያቸው አንድ አይደለም፤ ከወንድማማች ልጆች አንዱ ቍመተ ረጅም፣ አንዱ አጭር እንደሚሆን ማለት ነው። አንዱ ተክል ውኃውን ያባክናል፤ ሌላው በጥቂቱ ይቆጥባል። ድርቅ በመጣ ጊዜ አባካኙ ዘር ሳይተው ይደርቃል፤ ቆጣቢው ግን ተርፎ ዘር ይተዋል። ልጆቹም ጠባዩን ይወርሳሉ። ይህ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲደጋገም ጥቂቱ ልዩነት ብዙ ይሆናል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለ፣ ቀን የተከፈተው ደጅ በዘመናት ብዛት ወደ ሌሊት ተመለሰ። የፈጣሪ ጥበብ በአንድ ቀን ሥራ ብቻ ሳይሆን በዘመን ርዝመትም ይታያል።

ዛሬም በመንገዱ መካከል ያሉ የሚመስሉ ዕፀዋት ይገኛሉ። እነዚህ ውኃ በጠገቡ ጊዜ ደጃቸውን በቀን ይከፍታሉ፤ ድርቅ ሲሆን ግን ወደ ሌሊት ይመለሳሉ።

ይህ ጥበብ የተገኘው በአንድ ወገን ብቻ አይደለም። እሬት፣ አናናስ፣ ገመድ የሚሠራበት ቃጫና እንዳሁላ ሁሉ ይህን ሥራ ያውቃሉ። ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ከ30 በሚበልጡ የዕፀዋት ወገኖች ውስጥ፣ አንዱ ከሌላው ሳይወርስ፣ ብዙ ጊዜ ለየብቻው ተገኝቷል። በለስ የሚባለው እሾኻም ተክል ለዚህ ምስክር ነው። ሰው መልኩን አይቶ የቁልቋል ወንድም ይመስለዋል፤ አንዳንዱም ቁልቋል ብሎ ይጠራዋል። ነገር ግን የበለስ አገሩ አሜሪካ ነው፤ ወደ ኢትዮጵያ የመጣውም በኋላ ዘመን ነው። ሁለቱ ሲቆረጡ ልዩነታቸው ይታወቃል፤ ከቁልቋል ነጭ ወተት ይፈስሳል፤ ከበለስ ግን ወተት አይወጣም። ወገናቸው ልዩ ሲሆን መልካቸውንና ሥራቸውን ያመሳሰለው ድርቅ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ይህ ነው። ቁልቋል ለዚህ ሥራ ሌሎች ዕፀዋት የሌላቸው እንግዳ መሣሪያ አልተሰጠውም። አየሩን ወደ አሲድ የሚለውጡት ነገሮች በስንዴም በባቄላም ውስጥ አሉ። በቁልቋል ዘንድ የተለወጠው ብዛታቸውና የሚሠሩበት ሰዓት ነው። መሣሪያው ያው ሲሆን ሰዓቱን ስለ ለየ፣ ሌላው በሚሞትበት ምድር እርሱ ይኖራል።

ለዚህም ኑሮ የሚከፍለው ዋጋ አለ። በአንድ ሌሊት የሚያስቀምጠው አሲድ የተመጠነ ነው፤ ያም ባለቀ ጊዜ የዕለቱ ሥራ ይጐድላል። ስለዚህ እንደ ቁልቋል ካሉት ብዙዎቹ የሚያድጉት ቀስ ብለው ነው። ድርቁ እጅግ በጸና ጊዜ ደግሞ አንዳንዶቹ ደጃቸውን ቀንም ሌሊትም ይዘጋሉ፤ ከራሳቸው እስትንፋስ የሚወጣውንም አየር መልሰው ይሠሩበታል። ያን ጊዜ አያድጉም፤ ነገር ግን አይሞቱም። ዝናብ እስኪመጣ ድረስ በትዕግሥት ይቆያሉ።

በ2007 ዓ.ም. በልጉም ክረምቱም በብዙ የኢትዮጵያ ቆላ ጐደለ። በ2008 ዓ.ም. ከ10 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ የምግብ ርዳታ አስፈለገው። በእንዲህ ያለ ዘመን የተራበውን ሰው ሰነፍ ነበረ ብሎ መንቀፍ ኃጢአት ነው። ዝናብን የሚያዘገይ ገበሬ የለም፤ ጐተራውም ቢሞላ ከሁለት ክፉ ዓመት በላይ የሚበቃለት ጥቂት ሰው ነው። ለተራበ ሰው የሚገባው ተግሣጽ ሳይሆን እንጀራ ነው።

የጠገበ ሰው ግን ከቁልቋል ይማር። ክፉ ቀን ሲመጣ ቁጠባን መጀመር አይቻልም፤ የሚቆጠብ ነገር አይገኝምና። ዮሴፍም በግብፅ አገር እህሉን ያከማቸው በጥጋቡ ዘመን ነው። በሐምሌ ጐርፉ በደጅ ሲያልፍ ኩሬ የቆፈረ ሰው በጥር ከብቱን ያጠጣል። በመከር ጊዜ ከሚሸጠው ዘሩን ለይቶ ያስቀመጠ ሰው በሰኔ ከጎረቤት አይለምንም። ተማሪም በዓመቱ መጀመሪያ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ያነበበ እንደ ሆነ በፈተና ቀን አይጨነቅም። ለዚህ ሁሉ አዲስ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ዶማውም መጽሐፉም ያው ነው። የሚያስፈልገው ደጅ የሚከፈትበትንና የሚዘጋበትን ሰዓት ማወቅ ነው።

ጥያቄ።

1. ተክል ደጁን ሲከፍት ምን ያገኛል? ምንስ ያጣል?

2. ቁልቋል በሌሊት ምን ይሠራል? በቀንስ?

3. ቁልቋልና በለስ ዘመዳሞች ሳይሆኑ የተመሳሰሉት ስለ ምንድር ነው?

4. በደራ ቆላ ዝናብ ሳይጠፋ አስቀድሞ ሊሠራ የሚገባው ሥራ ምንድር ነው? ሦስት ነገር ጻፉ።